የሚገባ ኀፍረትና የማይገባ ኀፍረት

ኀፍረት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰውን ከክፉ ሥራ ይከለክላል፤ ሁለተኛው ግን ሰውን ከበጎ ሥራ ይከለክላል። የሰው ዕቃ ለመውሰድ እጁን ከዘረጋ በኋላ አፍሮ የሚመልስ ልጅ፥ ኀፍረቱ ጠባቂው ነው። ትምህርቱ ሳይገባው ቀርቶ መምህሩን ለመጠየቅ አፍሮ ዝም የሚል ልጅ ግን፥ ኀፍረቱ ሌባው ነው፤ ዕውቀቱን ይሰርቅበታልና። ሁለቱ ኀፍረቶች በመልክ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ዐይንን ወደ ምድር ይደፋሉ፤ ሁለቱም ድምፅን ያሳንሳሉ። ስለዚህ ብዙ ሰዎች አንዱን ከሌላው መለየት ያቅታቸዋል። የሚለዩት ግን እንደ ዛፍ በፍሬያቸው ነው።

ይልቁንም ሴት ልጅ ዝም ስትል ሰው ሁሉ «ጨዋ ናት» ብሎ ያመሰግናታል። ዝም ያለችው ስለምን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ታስብ እንደሆነ፥ ትፈራ እንደሆነ፥ ወይም የምትናገረው እያላት የሚሰማት አጥታ እንደሆነ ማንም አይመረምርም። «ዝም አይነቅዝም» የሚል ምሳሌ አለ፤ እውነት ነው፤ ያልተናገሩት ቃል ጠብ አያመጣም። ዳሩ ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚልም ምሳሌ አለ። አባቶች ሁለቱን ምሳሌዎች ለልጆቻቸው ያወረሱት እርስ በርሳቸው እንዲጣሉ አይደለም፤ ዝምታም ጊዜ እንዳለው፥ ንግግርም ጊዜ እንዳለው እንዲታወቅ ነው።

ሌላም አሳብ በሰው ዘንድ ይገኛል። ይኸውም «መሪ የሚሆን ሰው ከልጅነቱ ደፋር ሆኖ ይወለዳል፤ ዐይን አፋር ልጅ ግን ለተከታይነት እንጂ ለመሪነት አልተፈጠረም» የሚል ነው። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። ስሕተት ብቻም አይደለም፤ ጕዳት ያመጣል። በዚህ አሳብ ምክንያት ብዙ ልጆች ተሰጥዎአቸው ሳይታይ ይቀራል፤ እነርሱ ሊረዱት ይችሉ የነበረውም ሕዝብ ረዳቱን ያጣል። ይህ እውነት እንደሆነ የአንዲት ሴት ታሪክ ያስረዳል።

ይህች ሴት ፍራንሲስ ፐርኪንስ ትባላለች። የተወለደችው በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ በ1880 ነው። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው። አባትዋ ዉስተር በሚባል ከተማ ወረቀትና የጽሕፈት ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ሀብታም አልነበረም፤ ችግረኛም አልነበረም። ትምህርት ወዳድ ስለ ነበረ ልጁን ገና በሕፃንነትዋ የግሪክ ቋንቋ ያስተምራት ጀመር። ቤተ ሰቡም ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትር፥ ሥርዐት የሚጠብቅ ቤተ ሰብ ነበረ።

ልጅቱ ግን ዐይን አፋር ነበረች። በማታውቃቸው ሰዎች ፊት አፍዋን ከፍታ መናገር ይጨንቃት ነበር። ያን ጊዜ ያያት ሰው ይህች ልጅ አንድ ቀን በታላላቅ ሹማምንት ጉባኤ ተቀምጣ ስለ ሕዝብ ትናገራለች ብሎ ሊያስብ አይችልም ነበር።

ዳሩ ግን ዐይን አፋር ልጅ ዐይንዋ ታውራለች ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ አፉን የዘጋ ልጅ ዐይኑን ይከፍታል። ፍራንሲስ በዙሪያዋ ደኸዮች እንዳሉ አየች፤ መልካም ሰዎች ስለምን ይደኸያሉ ብላም ጠየቀች። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ይሰጥ የነበረው መልስ ድኽነት የሚመጣው ከስንፍና ወይም ከስካር ነው የሚል ነበረ። በቤትዋም የተነገራት ይኸው ነው። ልጅቱ መልሱን ተቀበለች፤ ጥያቄው ግን ከልብዋ አልወጣም።

በ1898 ፍራንሲስ ማውንት ሆልዮክ ወደሚባል የሴቶች ኮሌጅ ገባች። ይህ ኮሌጅ ማሳቹሴትስ በሚባለው ክፍለ አገር ሳውዝ ሃድሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ይገኛል። በ1837 ያቋቋመችው ሜሪ ላየን የምትባል መምህርት ናት። በዚያ ዘመን ለወንዶች ልጆች ብዙ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ለሴቶች ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። ሜሪ ላየን ከቤት ወደ ቤት፥ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረች ገንዘብ ለምና ትምህርት ቤቱን አሠራች። ሀብት የሌላቸው ልጆችም እንዲማሩ ብላ፥ ተማሪዎቹ የምግቡንና የቤቱን ሥራ ተካፍለው እንዲሠሩ ሥርዐት አወጣች፤ በዚህም ምክንያት የትምህርቱ ዋጋ አነሰ። ከዚያ ትምህርት ቤት ተምረው የወጡ ብዙ ሴቶችም በልዩ ልዩ አገር መምህራንና ሚስዮናውያን ሆኑ።

ዐይን አፋርዋ ልጅ በኮሌጅ ውስጥ የተለወጠችው በአንድ ቀን አይደለም። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለ፥ ለውጥዋ በአራት ዓመት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ የመጣ ነው። ይህን ለውጥ ያመጡት ነገሮች ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ሊመረመሩ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው ነገር ከባድ ትምህርት ነው። ፍራንሲስ ብልህ ስለ ነበረች ቀላሉን ትምህርት ያለ ብዙ ድካም ታልፈው ነበር። የኬሚስትሪ መምህርትዋ ኔሊ ጎልድትዌይት ግን ይህን አይታ አልተወቻትም። ኬሚስትሪ ማለት ነገር ሁሉ ከምን እንደ ተሠራና ሲቀላቀል ምን እንደሚሆን የሚመረምር ትምህርት ነው። መምህርቲቱ ልጅቱን በዚህ ከባድ ትምህርት ላይ እንድትጸና አስገደደቻት። ፍራንሲስ ካረጀች በኋላ እንኳ ያችን መምህርት አልረሳቻትም፤ የራስዋን አእምሮ ያገኘችው በእርስዋ ትምህርት እንደሆነ መስክራለች። በመጨረሻም የተመረቀችው በፊዚክስ ትምህርት ነው፤ በተጨማሪም ኬሚስትሪንና የሕይወት ትምህርትን ተምራለች።

ኬሚስትሪ ለዐይን አፋር ልጅ ምን ይረባታል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እጅግ ይረባታል። በመመርመሪያው ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ የሠሪውን ድምፅ ከፍ ማለትና ዝቅ ማለት አይመለከትም። ሥራው ልክ ከሆነ ልክ ነው፤ ካልሆነም አይደለም። ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ስሕተቱን በጩኸት እውነት ሊያደርገው አይችልም፤ ቀስ ብሎ የሚናገርም ሰው እውነቱ በድምፁ ማነስ ምክንያት ሐሰት አይሆንበትም። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የደከመች ልጅ የምታውቀውን ነገር በእርግጥ ማወቅዋን ትረዳለች። የሚያቆም ድፍረት የሚመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ዕውቀት የሌለው ድፍረት በአሸዋ ላይ እንደ ተሠራ ቤት ነው፤ ጥያቄ በነፈሰበት ጊዜ ይወድቃል።

ሁለተኛው ነገር ሄዶ ማየት ነው። አና ሜይ ሶል የምትባል የታሪክ መምህርት ነበረች። ይህች መምህርት ተማሪዎችዋ በመጽሐፍ ብቻ እንዲወሰኑ አልወደደችም። ከኮሌጁ ብዙ ሳይርቅ ሆልዮክ የሚባል ከተማ አለ፤ በዚያም የወረቀትና የጨርቅ ፋብሪካዎች ነበሩ። መምህርቲቱ ተማሪዎችዋን ወደነዚህ ፋብሪካዎች ሄደው ሠራተኞቹ እንዴት እንደሚኖሩና እንደሚሠሩ አይተው፥ ያዩትንም ጽፈው እንዲመለሱ አዘዘቻቸው።

ፍራንሲስ ሄደች፤ አየችም። ሴቶችና ሕፃናት ረጅም ሰዓት ሲደክሙ አየች። በሚገባ የሚጠብቃቸው ሕግ እንደሌለም ተረዳች። ታታሪ ሠራተኛ ሳለ እጁን መኪና የቈረጠው ሰው እንደ ሆነ፥ ቤተ ሰቡ በአንድ ቀን ወደ ድኽነት እንደሚወድቅ አወቀች። ያ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ሰካራምም አይደለም። የጐደለው በመኪናው ላይ የሚደረግ መከላከያና በጕዳት ጊዜ የሚረዳው ሕግ ነው። ያን ጊዜ በሕፃንነትዋ የተነገራት መልስ ሐሰት እንደሆነ ገባት። በልብዋ የቀረውም ጥያቄ ሥራ ሆነባት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ታላቅ ነገር አለ። ዐይን አፋር ሰው የሚጨነቀው ስለ ራሱ ስለሚያስብ ነው። «ሰው ምን ይለኛል? ድምፄ ይንቀጠቀጥ ይሆን? ይሥቁብኝ ይሆን?» እያለ ዐይኑን ሁሉ ወደ ገዛ ራሱ ይመልሳል። ይህ ይሉኝታ ልጓም ሆኖ ይይዘዋል። ይህን ሰው «አትፍራ፥ ተናገር» ብሎ መጮኽ አይረዳውም፤ ይልቁንም ፍርሃቱን ያበዛበታል። ነገር ግን ዐይኑ የሌላውን ሰው ጭንቅ ባየ ጊዜ ስለ ራሱ የሚጨነቅበት ጊዜ ያጣል። እናት ልጅዋ ወደ እሳት ሲሄድ ባየች ጊዜ ድምፅዋ ያምር ወይም አያምር እንደሆነ አታስብም፤ ትጮኻለች። ፍራንሲስ ከዐይን አፋርነትዋ ያወጣት የራስዋን ፍርሃት መታገልዋ ሳይሆን የሌሎችን ችግር ማየትዋ ነው።

ሦስተኛው ነገር ምሳሌ የሚሆን ሰው ማግኘት ነው። በ1902 ፍሎረንስ ኬሊ የምትባል ሴት ወደ ኮሌጁ መጥታ ንግግር አደረገች። ይህች ሴት ሕፃናት በፋብሪካ እንዳይሠሩ፥ ሴቶችም ከዐቅም በላይ እንዳይደክሙ የምትሟገት ነበረች። በ1899 የተቋቋመ የሸማቾች ማኅበርም ትመራ ነበር። የማኅበሩ አሳብ ቀላል ነው፤ ሸማቾች በግፍ የተሠራውን ዕቃ አንገዛም ቢሉ ባለ ፋብሪካው ግፉን ለመተው ይገደዳል የሚል ነው። ፍራንሲስ ይህን በሰማች ጊዜ የሕይወትዋ ሥራ ምን እንደሆነ ተገለጠላት። ሴት በሕዝብ ፊት ቆማ ስለ እውነት ልትናገር እንደምትችል በዐይንዋ አይታለችና።

በዚያው ዓመት የሚመረቁት ተማሪዎች ፍራንሲስን የክፍላቸው አለቃ አድርገው መረጡ። ወደ ኮሌጁ የገባችው ዐይን አፋር ልጅ አለቃ ሆና ወጣች። ከመለያየታቸውም በፊት በመጨረሻው የጸሎት ጉባኤያቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ ያነበበችው እርስዋ ናት። ክፍሉ መመሪያ አድርጎ የመረጠው ቃል ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በ15ኛው ምዕራፍ መጨረሻ የሚገኘው፥ ስለ መጽናትና ለጌታ ሥራ ስለ መትጋት የሚናገረው ነው።

እንግዲህ ሥርዐቱን መመልከት ይገባል። በመጀመሪያ ትምህርት መጣ፤ ቀጥሎ የሰውን ችግር ማየት መጣ፤ ከዚያም የሕይወት ዓላማ መጣ። ሹመት የመጣው በመጨረሻ ነው። ብዙ ሰዎች ግን ይህን ሥርዐት ገልብጠው አስቀድመው ሹመትን ይሻሉ፤ ሥራውን ከሹመቱ በኋላ እንማረዋለን ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰው አለቃ ይባላል እንጂ መሪ አይባልም። መሪ ማለት ከፊት የሚሄድ ማለት ነውና፥ የሚሄድበትን የማያውቅ ሰው ማንን ይመራል?

ፍራንሲስ ከኮሌጅ ከወጣች በኋላ መጀመሪያ አስተማሪ ሆነች። በቺካጎ አጠገብ በሚገኝ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት እያስተማረች፥ በዕረፍት ጊዜዋ ሃል ሃውስ ወደሚባለው ቤት እየሄደች ድኾችን ትረዳ ነበር። ይህን ቤት በ1889 ያቋቋመችው ጄን አዳምስ ናት። ከዚያ በኋላም በፊላዴልፊያ ከተማ ሥራ ፍለጋ ከሩቅ ለሚመጡ ልጃገረዶች፥ አታላዮች እንዳያስቱአቸው ጠበቃ ሆነች። በ1910 በኒው ዮርክ ፍሎረንስ ኬሊ በምትመራው ማኅበር ውስጥ መሥራት ጀመረች።

መጋቢት 25 ቀን 1911 በኒው ዮርክ ታላቅ መከራ ሆነ። ትራያንግል በሚባል የሴቶች ሸሚዝ በሚሰፋበት ፋብሪካ እሳት ተነሣ። ፋብሪካው የነበረው በረጅም ቤት በስምንተኛው፥ በዘጠነኛውና በዐሥረኛው ፎቅ ላይ ነው። አንደኛው መውጫ በር ተቈልፎ ነበር። የእሳት አጥፊዎቹም መሰላል እስከዚያ አልደረሰም። ብዙዎቹ ከእሳቱ ለመሸሽ በመስኮት ተወርውረው ሞቱ። በጠቅላላው 146 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹም ከሩቅ አገር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ፍራንሲስ ያን ቀን በአቅራቢያው ነበረችና ሮጣ ሄዳ ይህን ሁሉ በዐይንዋ አየች።

ዝምታ ሁልጊዜ ጨዋነት ነው የሚል ሰው ይህን በር ያስበው። በሩ የተቈለፈው በዚያ ቀን ብቻ አልነበረም። መቈለፉን የሚያውቁ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም አስቀድመው ተናግረው የሚሰማቸው አጡ። ሌሎቹ አይተው ዝም አሉ። ሥራቸውን እንዳያጡ ፈርተው ዝም ያሉ ድኾች ሊወቀሱ አይገባም። የሚወቀሰው ለመናገር ዐቅም እያለው፥ ሥልጣንም እያለው ዝም ያለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ዝምታ ነቀዝ ባይበላውም ሰውን ይበላል።

ፍራንሲስ አልቅሳ ብቻ አልቀረችም። የኒው ዮርክ ሹማምንት ፋብሪካዎችን የሚመረምር ጉባኤ ባቋቋሙ ጊዜ አብራ ሠራች። በዚያም ጊዜ ያደረገችው ነገር መምህርትዋ አና ሶል ያስተማረቻትን ነው። ሹማምንቱን ረጅም ንግግር በማሰማት ፈንታ ወስዳ አሳየቻቸው። አልፍሬድ ስሚዝ የተባለውን የሕግ መምሪያ አባል ወስዳ፥ ሌሊቱን ሙሉ ዐሥር ሰዓት የሠሩ ሴቶች ከገመድ ፋብሪካ ሲወጡ አሳየችው። ሮበርት ዋግነር የተባለውንም «የእሳት ጊዜ መውጫ» ተብሎ በተጠራ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ እየተሳበ እንዲያልፍ አደረገችው። ከቀዳዳው በስተ ውጭ በበረዶ የተሸፈነ የብረት መሰላል ነበረ፤ መሰላሉም ወደ ምድር ሳይደርስ በአየር ላይ ይቀር ነበር። ያን ያየ ሹም ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ከዚህም የተነሣ የፋብሪካ በር በሥራ ሰዓት እንዳይቈለፍ፥ ሠራተኞችም እሳት በተነሣ ጊዜ እንዴት እንደሚወጡ አስቀድመው እንዲለማመዱ የሚያዝ ሕግ ወጣ። በሆልዮክ ፋብሪካ የተዘራው የትምህርት ዘር ከብዙ ዓመት በኋላ በኒው ዮርክ አፈራ። ተማሪዋ በተራዋ የሹማምንት መምህርት ሆነች።

በ1933 ፍራንክሊን ሩዝቬልት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በሆኑ ጊዜ ፍራንሲስን የሠራተኞች ጕዳይ ሚኒስትር አድርገው ሾሙአት። በአሜሪካ ከዚያ በፊት ሴት ሚኒስትር ሆና አታውቅም ነበር። እርስዋ ግን ሹመቱን ዝም ብላ አልተቀበለችም። ሚኒስትር ብሆን የምሠራው ይህ ነው ብላ አሳብዋን አንድ በአንድ አስቀድማ ነገረቻቸው፤ እርሳቸውም ተስማሙ። ለሹመት የማይጓጓ ሰው እንዲህ ለመናገር ነፃነት አለው።

የተናገረችውንም ከብዙ በጥቂቱ ፈጸመች። በ1935 ሽማግሌዎች ጡረታ፥ ሥራ ያጡ ሰዎችም ርዳታ የሚያገኙበት ሕግ ወጣ። በ1938 ዝቅተኛው የሥራ ዋጋ በሰዓት 25 ሳንቲም እንዲሆን፥ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም በፋብሪካ እንዳይሠሩ የሚከለክል ሕግ ተጨመረ። እነዚህ ሕጎች ፍጹማን አልነበሩም። የ1935ቱ ሕግ በመጀመሪያ የእርሻ ሠራተኞችንና የቤት አገልጋዮችን አላካተተም፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ጥቍሮችና ብዙ ሴቶች ከርዳታው ውጭ ቀሩ። መልካም ሥራ ሁሉ የሚቀጥለውን ሠራተኛ እየጠበቀ ይኖራልና ይህን ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ምሳሌም አለ። ምሳሌ ሁሉ የአባቶች ቃል ነው፤ ነገር ግን የአባቶች ቃል ሁሉ በየዘመኑ ሊመዘን ይገባዋል። ይህ ምሳሌ በታሪክ ፊት ሲመዘን ይቀላል። አልፍሬድ ስሚዝና ሮበርት ዋግነር ያዩትን ያዩት አንዲት ሴት ስላወቀችና ስላሳየቻቸው ነው። የእርስዋም ዕውቀት የእነርሱም ሥልጣን ተባብሮ ሕዝቡን ጠቀመ። የአንዱ ማወቅ ለሌላው ማነስ አይደለም።

ደግሞም «ሴት ልጅ ከተማረችና በአደባባይ ከተናገረች ትሕትናዋን ታጣለች» የሚሉ አሉ። ፍራንሲስ ግን አላጣችም። ልብስዋ ጥቍርና ያልተጌጠ ነበረ። ሚኒስትር በነበረችበት ዘመን እንኳ በየጊዜው ወደ አንድ የመነኮሳይያት ገዳም እየሄደች በጸሎትና በዝምታ ትውል ነበር። በ1939 ጠላቶችዋ ከሹመትዋ ሊሽሩአት በምክር ቤት ክስ አንሥተው ነበር፤ ክሱም ሳይሳካላቸው ቀረ። እርስዋም እስከ 1945 ድረስ በሥራዋ ጸናች። እንግዲህ ከዝምታዋ የተለየችው ዝምታን ጠልታ አይደለም። ቀድሞ ዝምታ ጌታዋ ነበረ፤ ኋላ ግን አገልጋይዋ ሆነ። በገዳሙ በዝምታ ኀይል ታከማቻለች፤ በጉባኤው ስለ ድኾች ስትናገር ያን ኀይል ታወጣለች።

በመጽሐፍ ቅዱስም ይህን የመሰለ ነገር አለ። ሙሴ አንደበቱ የከበደ ሰው ነበረ፤ ይህንም ምክንያት አድርጎ ከመላክ ሊቀር ፈልጎ ነበር። እግዚአብሔር ግን የሕዝቡን መከራ አይቶ ላከው። አስቴርም ያለ ጥሪ ወደ ንጉሥ መግባት ሞት እንደሚያመጣ ታውቅ ነበር፤ ሆኖም ሕዝብዋ ሊጠፋ በቀረበ ጊዜ ጾማ ገባች፤ ተናገረችም። ሁለቱም ፈርተው ነበር። ፍርሃት አለመኖሩ ሳይሆን ከፍርሃት የሚበልጥ ምክንያት መኖሩ ሰውን ያስነሣል።

ስለዚህ ወላጆች ዝም ያለችውን ልጅ ከማመስገናቸው በፊት ስለምን ዝም እንዳለች ሊጠይቁአት ይገባል። መምህራንም ዐይን አፋር ተማሪን በክፍሉ ፊት አቁመው ማሳፈር አይገባቸውም፤ የታመመን እግር በዱላ መምታት ፈውስ አይሆንምና። የሚገባው እንደ ኔሊ ጎልድትዌይት ከባድ ሥራ ሰጥቶ መጽናት፥ እንደ አና ሶልም ዐይንዋን የሚከፍት ነገር ማሳየት ነው። ወንዶች ተማሪዎችም እኅታቸው ስትናገር ባይሥቁ፥ ድምፅዋም ሲንቀጠቀጥ ታግሠው ቢሰሙ፥ የጨዋ ልጅ ሥራ ሠሩ።

ዐይን አፋር የሆነች ልጅም ስለ ጠባይዋ ልታዝን አይገባትም። በአንድ ቀን ደፋር እንድትሆን የሚጠይቃት የለም። ዛሬ ያልገባትን አንድ ነገር ትጠይቅ፤ ነገ ለታመመ ጎረቤት ውኃ ትቅዳ፤ ከነገ በስቲያ በታናሽ ልጅ ላይ ግፍ ሲደረግ ብታይ ለመምህርዋ ትናገር። ይህን እያደረገች ስትሄድ ፍርሃትዋ መቼ እንደ ለቀቃት ሳታውቀው ትቀራለች።

ፍራንሲስ ፐርኪንስ ካረጀችም በኋላ ማስተማርን አልተወችም፤ በ1965 እስክትሞት ድረስ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አስተማረች። በ1980 በዋሽንግተን ከተማ የሚገኘው የሠራተኞች ጕዳይ ሚኒስቴር ሕንፃ በስምዋ ተጠራ። ከዚህ ሕንፃ የሚበልጠው መታሰቢያዋ ግን ሌላ ነው። በሕግዋ ምክንያት ያልተቈለፈ በር ሁሉ፥ በዚያም በር በደኅና ወደ ቤትዋ የምትመለስ ሠራተኛ ሁሉ መታሰቢያዋ ናት።

ከክፉ ሥራ የምትመልስ ኀፍረት የከበረች ናት፤ ሰው ሁሉ ሊጠብቃት ይገባል። ከበጎ ሥራ የምታስቀር ኀፍረት ግን የተቈለፈ በር ናት፤ ቁልፍዋም ሌላውን ሰው መውደድ ነው።